ጀልባዋን አታንሷት፣ ተሳቢውን ከስሯ አውጡት

ኮምቦልቻ ላይ ጀልባ ምን ይሠራል? በግቢያችን በር ያለፈ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። መልሱ አጭር ነው። ባለቤቷ የአጎቴ ልጅ ነው። እሱ የሚኖረው ሐይቅ ከተማ ነው፣ ግቢው ጠባብ ነው፣ የእኛ ሰፊ ነው። በዚያ ላይ ብየዳ የምሠራው እኔ ስለሆንኩ ተሳቢው በታመመ ቁጥር ወደ እኔ ይመጣል። ጀልባዋ ባለ ሸራ ናት፣ ከፋይበርግላስ የተሠራች፣ 5 ሜትር ገደማ፣ በጅቡቲ በኩል በኮንቴይነር የገባች። ስለ አመጣጧ ብዙ ወሬ አለ፣ ለሌላ ቀን ይቆየን። ዛሬ ማውራት የፈለግኩት ክሬን የሌለው ሰው በራሱ ግቢ ውስጥ ጀልባን ከተሳቢ ላይ እንዴት እንደሚያወርድ ነው፤ ማንም ሳይጎዳ፣ እሷም ሳትሰነጠቅ።

መጀመሪያ ግን ለምን ማውረድ አስፈለገ? ከኮምቦልቻ ወደ ሐይቅ የሄደ ሰው መንገዱን ያውቀዋል። የሀረጎን ዳገት ጠመዝማዛ እየቆጠሩ መውጣት ነው፤ ደሴ እስኪደረስ ከፍታው 600 ሜትር ገደማ ይጨምራል። ከደሴ ደግሞ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። የተሳቢ ጎማ ትንሽ ነው፤ ከመኪናው ጎማ በላይ ይሽከረከራል፣ ኩሽኔታው ይግላል። ውሃው ዳር ሲደረስ ሁሉም ይቸኩላል። ተሳቢውን በኋላ ማርሽ ቀጥ አድርጎ ውሃው ውስጥ ይከተዋል። የጋለው ብረት በድንገት ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፣ ሲኮማተር በማሸጊያው በኩል ውሃ ይስባል። ግራሶው ውሃ ጠጣ ማለት ነው፤ ቀጥሎ ዝገት ነው። የጎማው መሀል በእጅ ሲነካ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ሻይ ጠጥቶ መቆየት ይህን ሁሉ ያስቀራል፣ ግን ማን ይሰማል።

ኩሽኔታ ብቻ ቢሆን ጀልባዋ እላዩ ላይ ሆና ጎማውን በክሪክ አንስቶ መቀየር ይቻላል። የእኛው ግን ሻንሲውም ባሌስትራው የሚታሰርበት ቦታ ላይ ዝጎ ተበልቷል። ጀልባ የተጫነበትን ሻንሲ መበየድ አይሞከርም። ፋይበርግላስ የተሠራበት ሙጫ እሳት ከያዘ ይነዳል፣ ጭሱም መርዝ ነው። ስለዚህ መለያየት አለባቸው።

እዚህ ላይ የሰፈሩ ሁሉ ምክር አንድ ነው፦ ሰው ሰብስብና አንሷት። ወሎ ነው፣ ሰው አይጠፋም። ከመስጊድ የሚመለሰውም፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመጣውም እጅጌውን ሰብስቦ ይገባል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ ለሎሚ እውነት ነው። ጀልባ ግን መያዣ የላትም። ሆዷ ክብ ነው፣ ያሙለጨልጫል፣ ጎኗ ወደ ውጭ ስለሚሰፋ ጎንበስ ብሎ የያዘው ሰው እግሩን የሚያስቀምጥበት ቦታ ያጣል። ጀልባዋ 400 ኪሎ ብትሆን ለ10 ሰው ሲካፈል 40 ኪሎ ነው፣ በወረቀት ላይ ቀላል ነው። በተግባር ግን ክብደቱ እኩል አይካፈልም። ረጅሙ ሰው ላይ ያርፋል። አንዱ ሲያዳልጠው የእሱ ድርሻ ወደ ጎረቤቱ ይሄዳል፣ እሱም ይለቃል፣ ከዚያ በኋላ ማንም ሊያቆመው አይችልም። በዚያ ላይ ሁሉም ቢስሚላህ ወይም በስመአብ የሚለው በየራሱ ሰዓት ነው፤ አንዱ ሲያነሳ ሌላው ገና እየማተበ ነው። (ዱዓው ከሥራው በፊት ይደረግ፣ ማንሻው በቁጥር ይሁን፣ ቁጥሩንም አንድ ሰው ብቻ ይጥራ። አዛዥ ሲበዛ ሰው ይጎዳል።)

ትንሽ ጀልባ ከሆነች ሌላ ነው። ሌዘር የምትባለው የአንድ ሰው ጀልባ 4.2 ሜትር ትረዝማለች፣ ቀፎዋ ግን 59 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። እሷን አራት ሰው አንስቶ ሣር ላይ ቢያስቀምጣት ማንም አይከራከርም። ዌይፋረር የምትባለዋ 4.82 ሜትር ናት፣ ባዶ ቀፎዋ 169 ኪሎ ነው፤ እዚህ ላይ እኔ ማመንታት እጀምራለሁ። ከዚያ በላይ ከሆነ ሐሳቡን መገልበጥ ይሻላል። ጀልባዋ ባለችበት ከፍታ ላይ ትቆይ፤ ከስሯ የሚሄደው ተሳቢው ነው። ማንሳት የሚያስፈልገው በጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፣ ያንን ደግሞ ክሪክ ይሠራዋል።

ቦታ መምረጥ ከሁሉም በፊት ነው። ተሳቢው የሚወጣው ወደ ፊት ስለሆነ አፍንጫው ወደ ክፍት ቦታ ይዙር፣ ከፊቱም ቢያንስ የራሱን ርዝመት ያህል ባዶ ቦታ ይኑር። ጀልባዋ አንዴ ከወረደች በኋላ ወደዚያ ትንሽ ጠጋ በይ የሚባልላት ነገር አይደለችም፣ እዚያው ነው የምትቆየው። ሊሾ ካለ በጣም ጥሩ። የአፈር ግቢ ከሆነ በበጋ ይሠራ። የእኛ ጥቁር አፈር በሐምሌ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይላላል፣ ቀጥ ብሎ የቆመውን ድጋፍ ቀስ እያለ ያዘነብለዋል። ከድጋፉ ስር ሰፊ ጣውላ ማንጠፍ ግዴታ ነው።

ቀጥሎ ክብደት መቀነስ። ሞተሩ፣ ባትሪው፣ መሪው፣ መልህቁ፣ ሸራው፣ ሁሉም ይውረድ። የውሃ መውጫው ቡሽ ይከፈትና ይንጠፍጠፍ። ውሃን ሰው ይንቀዋል። ወለሏ 3 ካሬ ሜትር ቢሆንና 10 ሴንቲ ሜትር የዝናብ ውሃ ቢጠራቀምባት 300 ሊትር ነው፣ ማለትም 300 ኪሎ፤ ያውም ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት 300 ኪሎ።

ምሰሶው ላይ ግን ቆም ልበል። የጀልባ ምሰሶ ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም ነው፣ ርዝመቱ ከጀልባዋ ይበልጣል። ሰው ሲሸከመው ቀላል ስለሚሆንበት አንዱን ጫፍ መሬት አስደግፎ ቀጥ ሊያደርገው ይፈልጋል። በእኛ ሰፈር የኤሌክትሪክ ሽቦ ከግቢ በር በላይ ነው የሚያልፈው፤ አንዳንዱ ረግቦ በረንዳ ላይ ከቆመ ሰው ብዙም አይርቅም። አሉሚኒየም ሽቦ ከነካ የያዘው ሰው አለቀለት። ስለዚህ ምሰሶው ተኝቶ ይውረድ፣ ተኝቶ ይሂድ፣ በሁለት ሰው፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ። ጀልባዋ እንዴት እንደምታምር ለልጆች ለማሳየት ብላችሁ ግቢ ውስጥ አታቁሙት።

ከሆዷ ስር ወደ ውሃ የሚወርደው ሰሌዳም አለ፤ በነፋስ ወደ ጎን እንዳትንሸራተት የሚይዛት። የአንዳንዷ ብረት ነው። እሱን ወደ ላይ ስባችሁ በገመድ ብቻ አስራችሁ አትተዉት። ገመዱ ፀሐይ በልቶት ሊሆን ይችላል። ብሎን አሳልፋችሁ ቆልፉት፣ ምክንያቱም ድጋፍ የሚያስተካክል ሰው እጁ የሚሆነው በትክክል እዚያ ስር ነው።

አሁን ወደ አደገኛው ቦታ መጣን። የኋላ ማሰሪያዎቹ ሲፈቱ አፍንጫዋን በተሳቢው ፊት ባለው መጎተቻ (ዊንች) ላይ የያዘው ቀበቶ ለጊዜው አይነካ። ብዙ ተሳቢዎች ጀልባዋ በቀላሉ ወደ ውሃ እንድትወርድ ተንከባላይ የጎማ መቀመጫ አላቸው፤ ሐይቅ ዳር የሚያስደስተው ይኸው ነገር ግቢ ውስጥ ጠላት ነው። ስሌቱን ተመልከቱት። ጀልባዋ 400 ኪሎ ናት እንበል። ከመኪናው ጋር የሚያያዘው የተሳቢው አንገት ላይ የሚያርፈው ክብደት ከጠቅላላው ከ5 እስከ 10 በመቶ ቢሆን ይመከራል፤ 40 ኪሎ እንበለው። ከአንገቱ እስከ ጎማው ዘንግ 3.5 ሜትር ቢሆን፣ 40 በ3.5 ሲባዛ 140 ነው። 140 ለ400 ሲካፈል 0.35። ጀልባዋ 35 ሴንቲ ሜትር ብቻ ወደ ኋላ ከተንሸራተተች አንገቱ ላይ ምንም ክብደት አልቀረም ማለት ነው። አንድ ጣት ከጨመረች አንገቱ ሽቅብ ይዘላል። እዚያ ላይ ጎንበስ ያለ ሰው ካለ አገጩን ነው የሚያገኘው። እኔ ሰው የሚገድለው የጀልባዋ መውደቅ ብቻ ይመስለኝ ነበር፣ ቁጥሩን በወረቀት ሳየው ግን የበለጠ የፈራሁት አንገቱን ነው።

ጎማዎቹን በፊትም በኋላም በድንጋይ አግዱ። ሥራው እንዲህ ይሄዳል። ተሳቢው ከመኪናው ይፈታል፣ አንገቱ በፊቷ ትንሽ ጎማ ላይ ይቆማል። ያችን ጎማ እያዞራችሁ አንገቱን ዝቅ አድርጉት፣ መሬት እስኪጠጋ። ተሳቢው በዘንጉ ላይ ስለሚዞር የጀልባዋ ኋላ ይነሳል፤ ያለ ክሪክ፣ ያለ ጉልበት። አሁን ከኋላዋ ግራና ቀኝ፣ ከተሳቢው ጎማዎች መስመር ውጭ፣ የእንጨት ቁልል ሥሩ። በሁለቱ ቁልሎች ላይ ጠንካራ ቱቦላሬ በጀልባዋ ስር አቋርጦ ይተኛል። በላዩ ላይ አሮጌ ምንጣፍ ጠቅልሉበት። ክፍተቱን በሽብልቅ ሙሉት። ከዚያ የፊቷን ጎማ በተቃራኒው አዙራችሁ አንገቱን ከፍ ስታደርጉት የጀልባዋ ኋላ ቱቦላሬው ላይ ያርፋል፣ የተሳቢው ኋላ ደግሞ ከስሯ ዝቅ ብሎ ይለያል። ይህን ያየ የሰፈር ልጅ ሁሉ ያጨበጭባል፣ ደስ የሚል ነገር ነው። ልጆቹን ግን ከአጥሩ ውጭ አድርጓቸው።

ቁልሉ በምን ይሠራ? በብሎኬት አይሠራም። ይህን ጮክ ብዬ ብናገር ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ኮምቦልቻ ውስጥ ትርፍ ብሎኬት የማይገኝበት ግቢ የለም፣ እጅ የሚሄደውም ወደ እሱ ነው። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ነው። ግድግዳ ውስጥ ክብደቱ ተሰራጭቶ ሲያርፍበት ይችላል፤ በአንድ ጠርዝ ላይ ብረት ሲጫነው ግን ሳያስጠነቅቅ ፍርክስክስ ይላል። ክብ የባሕር ዛፍ አጣናም ይንከባለላል። ሞራሌ ነው የሚያስፈልገው፣ አራት ማዕዘን የሆነ። ሁለት ወዲህ፣ ሁለት በላያቸው ተሻግረው ወዲያ፣ እንደገና ሁለት ወዲህ። የቁልሉ ቁመት ከጎኑ ስፋት እጥፍ በላይ ሲሆን እኔ አላምነውም። እንጨት ሲጨነቅ ይጮሃል፣ ጊዜ ይሰጣል። ብሎኬት አይናገርም።

ድጋፉ የጀልባዋን ሆድ እንዳገኘ የትም ቦታ ላይ አይነካም። ጠንካራ ቦታ አላት፦ የኋላ ግድግዳዋ ጥጎች፣ በሆዷ መሀል ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው መስመር፣ ውስጧ ያሉት መከፋፈያ ግድግዳዎች የሚያርፉበት ቦታ፣ ምሰሶው የሚቆምበት ስር። በመካከል ያለው ልሙጥ ቦታ ቀጭን ነው፣ ይጎደጉዳል። በጣት አንኳኩ፤ ድፍን ድምፅ የሚሰጠውና ባዶ የሚያስተጋባው ይለያያሉ። ክብደቷን የሚሸከመው የመሀሉ መስመር ይሁን፣ የጎኖቹ ሽብልቆች እንዳታዘነብል ብቻ ነው የሚይዟት።

የፊተኛው ድጋፍ ምሰሶው ከሚቆምበት አካባቢ ስር ነው። እዚያም ሁለት ቁልል፣ አንድ ቱቦላሬ። እዚህ ክሪክ ይገባል። ግራውን ትንሽ፣ ቀኙን ትንሽ፣ በየተራ፣ በእያንዳንዱ ማንሻ ሽብልቅ እየጨመራችሁ። ሰፈራችን ውስጥ ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ጥገና ያሳለፉ ሽማግሌ አሉ፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ በርጩማቸውን ይዘው መጥተው ያያሉ። እሳቸው የሚሉት አንድ ነገር ነው፦ «አንተ ልጅ፣ ክሪክ ያነሳል እንጂ አይሸከምም።» ልክ ናቸው። ክሪክ ብቻ የያዘው ነገር ስር ክንድም አይገባ፣ ጭንቅላት አይታሰብም።

ጀልባዋ ከተሳቢው መቀመጫዎች ሁሉ መላቀቋን በእጅ ሳይሆን በቀጭን ጣውላ ፈትሹ፤ በሁሉም በኩል ሲያልፍ ተለያይተዋል። የአፍንጫዋ ቀበቶ የሚፈታው አሁን ነው፣ ከዚህ በፊት አይደለም። ድንጋዮቹን አውጡና ተሳቢውን በእጅ፣ ቀስ እያላችሁ ወደ ፊት ሳቡት። በመኪና አይሁን፤ ተሳቢው ድጋፉን መንካቱ እስኪታወቅ ድረስ ሁሉም ነገር ወድቋል።

የኋላው ድጋፍ ምንም ችግር የለበትም፣ ጎማው ከእሱ እየራቀ ነው የሚሄደው። ፈተናው የፊተኛው ነው። የተሳቢው ጎማዎችና የጭቃ መከላከያዎቹ ከሻንሲው ስለሚበልጡ ቱቦላሬውን ይመቱታል። መፍትሔው እንደ ተሳቢው ይለያያል። የጭቃ መከላከያውን ፈትቶ ማውጣት፣ የጎማውን ንፋስ መቀነስ፣ ብዙ ጊዜ ይህ ይበቃል። ካልበቃ ተሳቢው መንገድ ላይ ይቁም፣ ጎማዎቹ ይታገዱ፣ ከዘንጉ ኋላ በሻንሲው ክፍት ቦታ ውስጥ ከመሬት የተነሳ ሌላ ቁልል በመሀሉ መስመር ስር ይሠራ፣ አፍንጫዋም ስር አንድ ይቁም፣ ጎኖቿም በሽብልቅ ይያዙ። ከዚያ ነው የፊቱ ቱቦላሬ የሚወጣው፤ ጎማው ሲያልፍ መልሶ ይገባል። የሻንሲው አግዳሚ ብረት ወደ ቁልሉ ሲጠጋ ደግሞ ያው ሥራ ይደገማል። አሰልቺ ነው፣ ግማሽ ቀን ይበላል። ሕጉ ግን አይለወጥም፦ አንዱ ድጋፍ ከመነሳቱ በፊት ሌሎች ሁለት መያዝ አለባቸው።

ሌላም መንገድ አለ፣ ብዙ ሰው የሚወደው። የጀልባዋን ኋላ በገመድ ዛፍ ላይ አስሮ፣ መሬቱ ላይ አሮጌ ጎማ ደርድሮ፣ ተሳቢውን በመኪና ወደ ፊት መሳብ። ጀልባዋ እየተንሸራተተች ጎማዎቹ ላይ ትወርዳለች። ሆዷ ጠፍጣፋ ለሆነ ቀላል ጀልባ ይሠራል። እኔ አልወደውም። አንገቱ ሽቅብ ሊነሳ የሚችለው በትክክል በዚህ ጊዜ ስለሆነ ከመኪናው ጋር በደንብ መቆለፍ አለበት። ናይለን ገመድ ደግሞ እንደ ላስቲክ ይሳባል፣ ሲበጠስ ተመልሶ የሚመጣው ሰው ላይ ነው። የግድ ከሆነ በገመዱ አቅጣጫ ማንም አይቁም፣ ገመዱም ከዛፍ ጋር ይታሰር እንጂ ከአጥር እንጨት ጋር አይደለም።

ተሳቢው ከወጣ በኋላ ጀልባዋን በሁለት ቱቦላሬ ላይ ብቻ ትታችሁ ቡና ልትጠጡ አትሂዱ። መሀሏ ላይ ድጋፍ ጨምሩ፣ ሽብልቆቹን በምስማር ያዙ፣ በግራና በቀኝ ወደ መሬት በገመድ እሰሯት። ሸራ ስታለብሷት ነፋስ ከስር እንዳይገባ ጠርዙን ዝቅ አድርጉ። አፍንጫዋ ከኋላዋ ትንሽ ከፍ ይበል፣ የውሃ መውጫው ቡሽ ተከፍቶ ይቆይ፤ ክረምት ላይ ያ 300 ኪሎ ተመልሶ እንዳይመጣ። ከዝናብ በኋላ ዞር ዞር እያሉ ቁልሎቹን ማየት ጥሩ ነው።

መመለሱ ያው ሥራ ተገልብጦ ነው፣ ግን ይቀላል፣ ምክንያቱም የቁልሎቹን ከፍታ አሁን ታውቁታላችሁ። በየቁልሉ ላይ በጠመኔ ጻፉበት። ተሳቢው ስሯ ሲገባ መጀመሪያ የሚታሰረው የአፍንጫዋ ቀበቶ ነው፣ ከዚያ በኋላ ነው ድጋፍ የሚወጣው። አዲስ ኩሽኔታ፣ አዲስ ግራሶ፣ የተበየደ ሻንሲ ይዛችሁ ወደ ሐይቅ ስትወጡም ሀረጎን ከመጀመራችሁ በፊት ዳር ያዙና የጎማዎቹን ዳዶ በኪያቬ አንድ ጊዜ ሞክሩት። አዲስ የታሰረ ጎማ ትንሽ መንገድ ከሄደ በኋላ ሊላላ ይችላል። ደሴ ስትደርሱ ድገሙት።